እትዬ ምንም አትይዝም

ሚልዮን ኮምፒዩተሩን የሠራው ከበር ነው። ይህን ሰምቶ የማይስቅ ሰው የለም፤ ሳቁን ሲጨርስ ግን ዴም ድረስ ሄዶ በዐይኑ ማየት ይችል ነበር። ካርቱም መሃል፣ ሀፍላ የሚሏቸው ሚኒባሶች ለኦምዱርማን ተሳፋሪ በሚጣሩበት ሰፈር፣ ሚልዮን ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግንባት አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረችው። እዚያ ውስጥ አንድ የሣንቃ በር በአራት እግር አቁሞ ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ቁልፍ ደርድሮበታል፤ ወደ ጎን ሰባት፣ ወደ ታች ሠላሳ ሦስት። የበሩ ራስጌ ሀ ሁ ሂ ይላል፣ ግርጌው ፐ ፑ ፒ ይላል። ዲቃሎቹን፣ እነ ሏንና እነ ቧን፣ የሚያኖርበት ሲያጣ እጀታው ከነበረበት ቀዳዳ ዙሪያ ሸጉጧቸዋል።

ነገሩ የተጀመረው በፈረንጆቹ 1989 ነው። ለስደተኛ ልጆች የተከፈተ አንድ ትምህርት ቤት፣ ሚልዮን አገር ቤት ሳለ የስልክ ቴክኒሻን እንደነበረ ሰምቶ፣ አሥራ ሁለት የአማርኛ መጻፊያ ማሽን አዘዘው። ልጆቹ ከፊደል ገበታ ሌላ የሚያውቁት ስላልነበረ ቁልፎቹን በገበታው መልክ ደረደራቸው፤ ብዙም አላሰበበትም። ቁልፎቹ ራሳቸው ከአሮጌ የሒሳብ ማሽኖች የተነቀሉ ናቸው፣ ፊደሉን የጻፈችባቸውም ሚስቱ ስንቅነሽ ናት። እሱ የተጨነቀው ለማሽኗ ውስጥ ዕቃ ነው። ከበሩ ሥር በተንጠለጠለው የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ያለውን ሰሌዳ ቺፕ በቺፕ፣ ሽቦ በሽቦ፣ በገዛ እጁ በይዶ ሠራው። እያንዳንዷን ፊደል በካሬ ደብተር ላይ ነጥብ በነጥብ ሣላት። አሥራ አራት ወር ፈጀበት። የመጀመሪያዋን ማሽን ሲጨርስ ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ ሦስት ወር ሆኖት ነበር። አሥራ አንዱን ሳይሠራ ቀረ።

ማሽኗ ግን ሥራ አላጣችም። ዴም፣ ኦምዱርማን፣ እስከ ሶባም ድረስ በሰው ቤት የሚሠሩ የወሎ ልጆች ሞልተዋል፤ ጁምዓ ዕረፍታቸው ነው። አብዛኞቹ በደርግ ጊዜ መሠረተ ትምህርት የተማሩ ናቸው። ማንበቡን ያነባሉ፤ እስክሪብቶ ሲጨብጡ ግን እጃቸው አይታዘዝላቸውም። ፊደሉን በዜማ ስለተማሩት አንዱን ነጥለሽ አሳዪኝ ብትላት ግራ ይገባታል፤ ከራሱ ጀምራ እያዜመች ስትሄድ ግን ቦታውን አትስትም። በሚልዮን በር ላይ ደግሞ ፊደል ሁሉ የተቀመጠው እዚያው የተማሩበት ቦታ ነው። «ናፍቆት» ለማለት የፈለገች ልጅ ጣቷን ነ ላይ አሳርፋ «ነ ኑ ኒ ና» ትልና አራተኛውን ትጫናለች። ተራ የሚጠብቁትም አብረው ያዜማሉ። ጁምዓ ከሰዓት የሚልዮን ክፍል አሥራ አምስት ሙስሊም ሴቶች የተቀመጡበት የቄስ ትምህርት ቤት ትሆን ነበር።

ማሽኗን እትዬ አሏት። ሚልዮን ስሙ ለግዝፈቷ የተሰጠ ይመስለው ነበር።

እትዬ አንድ ነውር ነበረባት፤ ማስታወስ አትችልም። አንድ ገጽ ትይዛለች፣ ገጹ ሲታተም ሌላ ይጻፋል፣ ከጠፋች ግን ሁሉም ይጠፋል። ካህራባ፣ ማለትም መብራቱ፣ ደብዳቤው መሃል ላይ ከሄደ ልጅቷ ከሰላምታው እንደገና ትጀምራለች። ሚልዮን ሲሠራት የተጻፈውን የሚያስቀምጥ ዕቃ መግዛት አልቻለም ነበር፤ ኋላ እጨምርላታለሁ እያለ ዓመት በዓመት ላይ ተደራረበ። በዚህ በጣም ያፍር ነበር። ሰው የሚገዛው ሬዲዮ እንኳ ጣቢያውን ያስታውሳል። ጉዳዩ ሲነሣ ወሬ ይለውጣል።

በፈረንጆቹ 1999 ኢስሐቅ መጣ። ኢስሐቅ ዱባይ አራት ዓመት ሠርቶ የተመለሰ፣ ጥርሱ የማይከደን ጎልማሳ ነው። ከሚልዮን ፊት ለፊት ያለውን ቤት ተከራየ፣ ጀነሬተር አስቀመጠ፣ ሦስት የዱባይ ኮምፒዩተር ደረደረ፣ በአረብኛና በአማርኛ የተጻፈ ማስታወቂያ ሰቀለ። ኮምፒዩተሮቹ ማንም የሠራቸው አልነበሩም፤ ማለቴ ሰሌዳው ከአንድ አገር፣ ሣጥኑ ከሌላ አገር፣ ሻሻው፣ ማለትም ስክሪኑ፣ ከሦስተኛ አገር መጥቶ በአንድ ከሰዓት በኋላ በጠመንጃ መፍቻ የተገጣጠሙ ናቸው። አማርኛውን በፍሎፒ አምጥቶ ጫነባቸው። ሚልዮን ሄዶ አያቸው። ክዳኑን ከፍቶ ውስጡን ካየ በኋላ፣ ይህ ሙያ ሳይሆን ገበያ ነው አለው።

ኢስሐቅ አልተቀየመም። ሱዳኖች መሐንዲስን በሚጠሩበት አጠራር ባሽሙሐንዲስ ነበር የሚለው፤ ግማሹ አክብሮት ነው፣ ግማሹን አላውቅም።

«ባሽሙሐንዲስ» አለው፣ «የኔ ቢበላሽ ሱቅ ወርጄ እገዛለሁ። የእርስዎ ቢበላሽ ከየት ይወለዳል?»

ሚልዮን ይህን ጥያቄ ከኢስሐቅ በፊት ራሱን ይጠይቅ ነበር። የእትዬ አንጎል አንድ ቺፕ ነው። ሲሠራት አራት መለዋወጫ ገዝቶ ነበር። አንዱን ሙቀት ገደለው፣ አንዱን ሀቡብ ያመጣው አቧራ፣ ሁለቱን ካህራባ ሄዶ ሲመለስ። አሁን ውስጧ ያለው አምስተኛውና የመጨረሻው ነው። ሱቅ አል-ዐረቢ ገበያ ወርዶ ጠየቀ፤ ሻጩ ቺፑን አገላብጦ አይቶ ልጆቹን ጠርቶ አሳያቸው። ካይሮ ለሚያውቀው ሰው ጻፈ፤ ሠሪው ፋብሪካ መሥራት ካቆመ ቆየ የሚል መልስ መጣ። እንግዲህ ያ ቺፕ ካለ እትዬ አለች፣ እሱ ከሄደ እትዬ የለችም። ስንቅነሽ አንዱን የዱባይ ማሽን ገዝተህ ዐርፈህ ብትቀመጥ ምናለበት አለችው። ሚልዮን ሁለት ቀን አኮረፋት።

ሴቶቹም አንድ በአንድ ወደ ኢስሐቅ ተሻገሩ። ሚልዮን ቢከፋውም ሊፈርድባቸው አልቻለም። እትዬ ላይ አንድ ደብዳቤ ግማሽ ቀን ይወስዳል። ኢስሐቅ ጋ ከውሰር የምትባል የእኅቱ ልጅ እንደ ቆሎ ታፈሰዋለች። ከሁሉም በላይ የዱባይ ማሽን አይረሳም። የአገር ቤት ደብዳቤ ሰላምታው ብቻ አንድ ገጽ እንደሆነ ይታወቃል፤ ከናትና ካባት ተጀምሮ ጎረቤት በየስሙ ተጠርቶ፣ የከብቱ ጤና ተጠይቆ፣ ዝናቡ እንዴት ነው ተብሎ ነው ወደ ጉዳይ የሚገባው። ኢስሐቅ የአንዷን ሰላምታ ለሌላዋ ተጠቀመበት። ከውሰር ያለፈውን ደብዳቤ ትከፍታለች፣ ራስጌና ግርጌ ስሙን ትቀይራለች፣ መሃሉን አጥፍታ አዲሱን ጉዳይ ትጽፋለች። ብልሃት ነው፤ እኔም ብሆን አደርገዋለሁ።

ሚልዮን መድኃኒቱን ያገኘው መሰለው። ሴቶቹ የሄዱት እትዬ ስለምትረሳ ነው። ስለዚህ ቺፑ በሕይወት እያለ ማስታወስ ያስተምራታል። ስምንት ወር ሠራ። ለሬዲዮ ጥገና የመጣ ሰው ነገ ና እየተባለ ስድስት ጊዜ ይመላለሳል። በሩ ሥር በጀርባው ተንጋሎ ስለሚውል ስንቅነሽ እግሩን ብቻ ነበር የምታየው፤ ምሳውን እግሩ አጠገብ ታስቀምጥለት ጀመር።

በዚህ መሃል ነው የሉጥፊያ ነገር የመጣው።

ሉጥፊያ ኦምዱርማን በሰው ቤት የምትሠራ የከሚሴ ልጅ ናት። ከአንድ ሱዳናዊ ሾፌር ጋር በጸጥታ ኒካሕ አሥራ የአራት ወር ነፍሰ ጡር ሆና ነበር። ይህንን ለታላቅ እኅቷ ብቻ ልትነግር ኢስሐቅ ጋ ሄዳ፣ ከውሰር ጆሮ ላይ ጎንበስ ብላ፣ ለእናቴ እኔ ራሴ ቀስ ብዬ እስክነግራት ድረስ አደራ እያለች አስጻፈች። ቀጥላ ፋጤ ገባች፤ እሷም የዚያው የከሚሴ ልጅ ናት። ፋጤ የታጨች ነች፤ ለአረፋ እመጣለሁና ሠርጉን አዘጋጁ ብላ ለእናቷ ልትጽፍ ነው። ከውሰር እንደ ልማዷ የሉጥፊያን ደብዳቤ ከፈተች፣ ራስጌውን ፋጤ አለችው፣ ግርጌውን ፋጤ አለችው፣ ይህንንም አስቀመጠች። መሃሉን ልትለውጥ ስትል ካህራባ ሄደ። ጀነሬተሩ ተነሥቶ ማሽኑ ሲበራ ሁሉንም እንዳስቀመጠችው ይዞ ጠበቃት። ማሽኑ ምንም አልረሳም። የረሳችው ከውሰር ናት፤ መሃሉን ሳትለውጥ አተመችው። ካርቱም ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት፤ አማርኛን በድምፁ ትጽፈዋለች እንጂ መልሳ ስታነበው እንደ ዳገት ይከብዳታል። ፋጤም ስሟን ከላይና ከታች አይታ ወረቀቱን አጥፋ አሸገችው።

ከሚሴ ላይ ከሱዳን የመጣ ደብዳቤ ጎረቤት ተጠርቶ ነው የሚነበበው። ያነበበው የሰፈሩ አስተማሪ ነው። ድምፁ ያማረ፣ የጀመረውን የማያቋርጥ ሰው ነው፤ ሾፌሩንም እርግዝናውንም፣ «ለእናቴ እንዳትነግሪ» የሚለውንም ለፋጤ እናት አነበበላት። የእጮኛው ዘመዶች ፊት ለፊት ተቀምጠው ነበር።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ዴም ሁሉ ያውቀዋል። የእጮኛው ወገኖች የፋጤን ሆድ አይቶ የሚመጣ አንድ አጎት በመተማ በኩል ላኩ። አጎትየው ሦስት ሳምንት ተቀመጠ፣ ሆዷ ውስጥ ምንም እንደሌለ አረጋገጠ፣ ለራሱም አንድ ጀላቢያ አሰፍቶ ተመለሰ። የፋጤ ሠርግ ተቃና። ግን እርግዝናው የፋጤ ካልሆነ የማን ነው? ሾፌር፣ ኦምዱርማን፣ አራት ወር። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ በሁለት ቀን የእርግዝናው ባለቤት ሉጥፊያ መሆኗ ታወቀ። አጎትየው አገር ቤት ሲገባ ወሬውን ይዞ ገባ። የሉጥፊያ እናት ከዚህ በኋላ በሰው እጅ የተጻፈ ደብዳቤ ደጄ እንዳይደርስ የሚል መልእክት ላከች። ሉጥፊያ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዴም አልታየችም። ከውሰር አንድ ሳምንት አለቀሰች።

ሚልዮን ይህን ሁሉ ሲሰማ ደስ አለው። ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ለሉጥፊያ አዝኗል፣ ነገር ግን ደስታው ይበልጥ ነበር። የገበያ ዕቃ እንዲህ ነው አለ፤ በእጅ ያልተሠራ ነገር የያዘውን አያውቅም፣ የእኔዋ ግን በሥርዓት ትይዛለች። ሥራውን አፈጠነ።

እውነትም ሴቶቹ ተመለሱ። በቀጣዩ ጁምዓ ክፍሏ ጢም አለች። ሚልዮን ያን ቀን ጠዋት ማስታወሻውን፣ የተጻፈውን የሚይዝላትን ዕቃ፣ ገጥሞ ጨርሶ፣ ሸሚዝ ቀይሮ ነበር። ሁሉም ቁጭ ካሉ በኋላ እትዬ አጠገብ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ከዛሬ ጀምሮ» አላቸው፣ «የጻፋችሁትን ሁሉ ትይዝላችኋለች። የዛሬ ዓመት መጥታችሁ ብትጠይቋት ቃል በቃል ትነግራችኋለች።»

እልልታ ጠብቆ ነበር። አንዷ ቶቧን፣ መከናነቢያዋን፣ አስተካከለች። ሌላዋ ሆዴን ቆረጠኝ አለች። ሦስተኛዋ ማዳሟ ዛሬ እንግዳ እንዳለባት አሁን ትዝ አላት። አምስት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ክፍሏ ባዶ ሆነች፤ የቀረችው ሬሕማ ብቻ ነች። ሬሕማ ካርቱም አሥራ ሁለት ዓመት የኖረች፣ አንድ ሐኪም ቤት ወጥ የምትሠራ፣ የሴቶቹ ሁሉ ታላቅ ናት። ከወንበሯ አልተነሣችም።

«ጋሽ ሚልዮን፣ እኛ እኮ እዚህ የምንመጣው ስለማትይዝ ነው» አለችው።

ሚልዮን አልገባውም፤ ወይም ገብቶት እንዳይገባው ፈለገ። ኢስሐቅ ጋ የሄዳችሁት ስለሚይዝ አይደለም ወይ አላት። እሷም ረጋ ብላ አስረዳችው። ኢስሐቅ ጋ የሄድነው ስለቸኮልን ነው፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፣ ሉጥፊያ የደረሰባትን አይተዋል። እዚህ ግን ማንም የማንንም ጉዳይ ሰምቶ አያውቅም። አንዷ ስትጽፍ ሌሎቻችን የምናዜመው ለምን ይመስልዎታል? የምትጽፈዋ ድምፅ የት ፊደል ላይ እንደሚቆም እንዳይሰማ ነው። ጽፈን ስንጨርስ ማጥፊያውን ራሳችን ተጭነን የምንወጣውም ለዚሁ ነው። እትዬ ያልናትም ምስጢር ሰምታ ዝም የምትል ታላቅ እኅት ስለሆነች ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እርስዎ ደግሞ ስምንት ወር ተኝተው ሞኝ አደረጓት።

ሚልዮን ተቀመጠ። እጁ ላይ የብየዳ ጠባሳ ነበር፣ እሱን ያይ ጀመር።

«ሉጥፊያ በገዛ እጇ ለእናቷ መጻፍ ትፈልጋለች» አለችው ሬሕማ። «መውለጃዋ ደርሷል። ሰው ፊት አፏን አትከፍትም። እትዬ ጋ እወስድሻለሁ ብያት ነበር። አሁን ምን ልበላት?»

ነገ ማስታወሻውን እነቅለዋለሁ፣ በሚመጣው ጁምዓ ይዘሻት ነይ አላት።

ቅዳሜ ጠዋት ካህራባ አልነበረም። ሚልዮን ይህን እንደ መልካም አጋጣሚ ቆጠረው፤ በመኪና ባትሪ መብራት በሩ ሥር ገብቶ ስምንት ወር የገጠመውን በአንድ ሰዓት ይነቅል ጀመር። ግማሹን እንደነቀለ ካህራባ መጣ። ማብሪያውን ማጥፋት ረስቶ ነበር። ሃያ ዓመት በሙያው የኖረ ሰው፣ ተማሪ የማይሠራውን ስሕተት ሠራ። ድምፅ እንኳ አልነበረም፤ ትንሽ ሽታ ብቻ። አምስተኛው ቺፕ ሄደ።

ሚልዮን ሦስት ቀን ተኛ። ሕመም አልነበረውም። ስንቅነሽ በሦስተኛው ቀን ሻይ ይዛለት ገባችና ፍራሽ አንጥፌ ለቀስተኛ ልቀበል እንዴ አለችው። «አሥራ አንድ ዓመት!» አላት ሚልዮን። አሥራ አንድ ዓመት ከስንት ማሽን ከተነቀለ ዕቃ ጋር ስታገል ኖሬ በገዛ እጄ ገደልኳት አለ፣ ድምፁም ተሰበረ። ስንቅነሽ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ያለቀስከው ለሣጥኑ ነው» አለችው። «ልጅቷ የምትፈልገው በሩን ነው። በሩ ምን ሆነ?»

ይህን ሌላ ጊዜ ብትናገረው ሚልዮን ያኮርፍ ነበር። አሁን ለማኩረፍም አቅም አልነበረውም። ሻዩን ጠጣ፣ ፊቱን ታጠበ፣ መንገዱን ተሻገረ።

ኢስሐቅ ከከውሰር ጉድ ወዲህ ደንበኛ ሸሽቶት፣ ጥርሱም ተከድኖ ነበር። ሚልዮን አንድ የዱባይ ኮምፒዩተር ሽጥልኝ ሲለው የሚያፌዝበት መሰለው። ማፌዝ እንዳልሆነ ሲያይ ደግሞ ምንም አልተኩራራበትም፤ ይልቅ ጥሩውን መረጠለት፣ አቧራውን ጠረገለት። ሚልዮን ጠመንጃ መፍቻ ጠየቀ። እዚያው ቆሞ ክዳኑን ከፈተና ዲስኩን፣ ማሽኑ ሁሉን ነገር የሚያስቀምጥበትን ዕቃ፣ ነቅሎ ጠረጴዛው ላይ አኖረለት።

«ይህን ያዘው» አለው።

ኢስሐቅ ዲስኩንም ሚልዮንንም እያፈራረቀ አየ። ያለ ዲስክ ምን ይሠራልዎታል፣ ይሄ እኮ ጆሮው ተቆርጦ ለዕርድ የማይሆን የአረፋ በግ ነው አለው። ሚልዮን ጆሮው ነው የማልፈልገው አለና ሣጥኑን ታቅፎ ሄደ።

ጁምዓው አለፈ፤ ሬሕማ መጥታ ገና ነው ተባለች። ቀጣዩም አለፈ። ሥራው ቀላል አልነበረም፤ የዱባይ ሰሌዳ መቶ ቁልፍ ያህል እንጂ ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ አይቶ አያውቅም። ሚልዮን በሩን አስተዋወቀው። ሽቦውን አሻገረ፣ በአሥራ አራት ወር ነጥብ በነጥብ የሣላቸውን ፊደሎች ወደ ፍሎፒ ቀዳ። ሁሉም አንዲት ፍሎፒ ላይ ገብተው ቦታ ተረፈ። ይህ አመመው። ፍሎፒዋ ትነበባለች እንጂ እንዳይጻፍባት አደረገ፤ ማሽኗ ስትነሣ ፊደሎቹን ከእሷ ታነባለች፣ ስትጠፋ ባዶ ናት። በሦስተኛው ሳምንት አለቀ። የቆርቆሮው ሣጥንና በእጁ የተበየደው ሰሌዳ ተነቅለው ጥግ ላይ ተቀመጡ። እትዬ ውስጥ ከሚልዮን ሙያ የቀረ ነገር ቢኖር ነጥቦቹና ሽቦው ብቻ ናቸው።

ስንቅነሽ ለማንም አትንገር አለችው። ምን ቸገራቸው፣ ከላይ በሩ ያው ነው። ሚልዮንም አልነግርም ብሎ ወስኖ ነበር።

ጁምዓ ሬሕማ ሉጥፊያን ይዛ መጣች። ሉጥፊያ ቶቧን እስከ ዐይኗ ተከናንባ፣ ሆዷ ቀድሟት፣ ከኦምዱርማን በሁለት ሀፍላ ተጋፍታ የመጣች ናት። ሌሎቹም ተከትለው ገቡ፤ ግን ግድግዳውን ይዘው ቆሙ እንጂ አልተቀመጡም። ሉጥፊያ በሩ ፊት ተቀመጠች። ጣቷን አላነሣችም። ጎንበስ ብላ ከሥር አየች። ከሥር እንደ ድመት የሚያጉረመርም ነገር ነበር፤ እትዬ ድሮ ድምፅ አልነበራትም።

«ይሄ የኢስሐቅ አይደለም?» አለች።

ሚልዮን ሊዋሽ አፉን ከፈተ። ከዚያ ሁሉንም ተናገረ። የድሮዋ ሞታለች፣ እኔ ነኝ የገደልኳት፤ አዎ ከኢስሐቅ ነው፣ አንጎሏን በሙሉ ለውጬዋለሁ፣ የሚይዘውን ዕቃ ግን እዚያው ነቅዬ ጥዬዋለሁ፤ የሠራሁት ሁሉ ያ ጥግ ላይ ያለው ነው፣ ከኔ የቀረ የለም ማለት ይቻላል አለ። ሲናገር ጆሮው ቀላ።

ሬሕማ ጥጉ ላይ ያለውን ሰሌዳ አየችው። ከዚህ በፊት አይታው አታውቅም፤ ማናቸውም አላዩትም።

«እኛ አንጎሏን መቼ ፈለግነው?» አለችው። «ዝምታዋን ነው። ዝም አይነቅዝም።»

ሚልዮን ይህ ስድብ ይሁን ምርቃት ለመለየት ጊዜ ወሰደበት። አሥራ አንድ ዓመት የኮራበትን ነገር ማንም ፈልጎት አያውቅም፤ ያፈረበትን ነው የወደዱለት። ልቡን ወጋው። ወዲያው ደግሞ ሳቁ መጣበት፣ ሴት ፊት መሆኑ ባይዘው ይስቅ ነበር።

ሉጥፊያ ግን በቃል የምታምንበት ጊዜ አልፎባት ነበር። በሩ ራስጌ የተቀመጠውን ሻሻ ወደ ራሷ አዞረች። ሌሎቹ ሳይነገራቸው ማዜም ጀመሩ፤ ሚልዮንም ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። ጥቂት መስመር ጻፈች። ጻፈች፣ ዐይኗን በቶቧ ጠረገች፣ ማጥፊያውን ተጫነችው። እስከ አሥር ቆጥራ አበራችው። ሻሻውን አየች፣ ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ላይ። እንደገና አጥፍታ እንደገና አበራች። ከዚያ ወንበሯን ወደ በሩ አስጠግታ ተመቻቸችና «አ ኡ ኢ ኣ ኤ እ» ብላ ለእናቷ የሚሄደውን ጀመረች።

ሁለት ሰዓት ተኩል ጻፈች። ካህራባ እንኳ ዐፍሮ አልሄደም። ስትጨርስ ሦስት ገጽ አትማ፣ ራሷ አጥፋ፣ ራሷ አሽጋ፣ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። ማሽኗን አጥፍታ ስትነሣ ሚልዮን መንገዱን ማየቱን ትቶ ዞረ። የማይጠየቅ ነገር እንደሆነ ያውቃል፤ ግን ሰው ነው፣ አላስችል አለው።

«መጀመሪያ ለሙከራ የጻፍሽው ምን ነበር?» አላት።

ሉጥፊያ ከመጣች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቶቡን ከፊቷ ገለጥ አደረገችው። ገና ልጅ ናት።

«እትዬን ይጠይቋት» አለችውና ሬሕማን ተደግፋ ወጣች።

ሚልዮን ጠየቃት። በሩ ፊት ተቀምጦ ማብሪያውን ተጫነ፤ የዱባዩ ሰሌዳ አጉረመረመ፣ ፍሎፒዋ ተንቀጫቀጨች፣ ሻሻው በራ። ምንም አልነበረበትም። ከላይ እስከ ታች አየው፤ አንዲት ነጥብ እንኳ አልቀረችም። ዐይኑ እንባ አቀረረ፣ እዚያው ላይ ተቀምጦ ቀረ።

«ጋሽ ሚልዮን» አለችው ከኋላው የቆመችው ተረኛ፣ «ተራዬ ነው፣ ይነሡልኝ።»

ተነሣላት።